የአቶ ሻንቆ የዓሣ ዘንግ

ሐምሌ 2

ዝናብ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የጊፋታ ትእዛዝ ከአሁኑ መግባት ጀምሯል፤ ስድስት ሶፋ፣ ሁለት ቁም ሣጥን፣ አንድ ቡፌ። የወላይታ ሰው ለዘመን መለወጫው ቤቱን ሲያድስ የእኛ የአናጢዎቹ ወገብ ይቆረጣል። ደግ ነው፣ ሥራ አይጠላም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ረጅም የሸራ ከረጢት ይዛ ወርክሾፕ ገባች። ዶክተር ትሕትና ሻንቆ ትባላለች፤ እዚሁ ሶዶ ሐኪም ናት። ከረጢቱ ውስጥ ሦስት ቦታ ተነቃቅሎ የሚገጣጠም የቀርከሃ ዘንግ አለ። ዓሣ ማጥመጃ ነው። ጥላሸት ከመልበሱ የተነሳ የጣሪያ ማገር መስሏል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አባቷ አቶ ሻንቆ በጃንሆይ ጊዜ የአንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ሾፌር ነበሩ። ፈረንጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ለወንዝ ሲዞር እሳቸውንም አስተማራቸው፤ አገሩ ሲመለስ ዘንጉን ትቶላቸው ሄደ። ደርግ ሲመጣ የፈረንጅ ዕቃ ተገኘባቸው እንዳይባሉ ዲምቱ ካለው የሣር ቤታቸው ጣሪያ ውስጥ ሸጎጡት። ሃምሳ ዓመት ጭስ ጠጣ። አሁን አቶ ሻንቆ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ለጊፋታ ብላቴ ወንዝ ወርደው በዚሁ ዘንግ አንድ ጊዜ መንጠቆ መወርወር ይፈልጋሉ።

ወርክሾፑን ከእኔ ጋር የተከራየው ኃይለየሱስ ዘንጉን አገላብጦ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ለማገዶ ነው" አለ።

"ሶዶ ውስጥ ይህን የሚሠራ አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው" አልኩት።

የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዶክተሯ ስትሰናበተኝ ቀኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ቆየች። ስም ያወጡላት ሰዎች አልተሳሳቱም።

ሐምሌ 5

ጥላሸቱን በጨርቅ ጠረግሁ። ቀርከሃው እኛ እንደምናውቀው ያልተሰነጠቀ ቱቦ አይደለም። አንድ ሰው ቀርከሃውን ሰንጥቆ፣ እያንዳንዱን ስንጥር ሦስት ማዕዘን አድርጎ ልጎ፣ ስድስቱን አጣብቆ አንድ ዘንግ አድርጎታል። ጫፉ ጋ ሲደርስ ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል፣ እዚያም ስድስት ነው። መጋጠሚያውን በጥፍሬ ፈለግሁት፤ የለም። አርባ ዓመት እንጨት ስልግ ኖሬ እንዲህ ያለ አላላግ አላየሁም። ቀናሁ።

ባለቤቴ ጣፈጠች ይህን ደብተር ከጠረጴዛ ላይ ስታነሳ አየችውና፣ "ምነው ጽሑፍህ ጉንዳን አከለ?" አለችኝ። ወረቀት ተወዷል አልኳት።

ሐምሌ 9

ከጥላሸቱ ሥር ማር የመሰለ ቀለም ወጣ። አዲስ የገዛሁት ቲነር ምንም ሽታ የለው፤ ነጋዴው ውኃ ቀላቅሎበታል። ኃይለየሱስ ግን ጭንቅላቴን በጠሰው ብሎ በሩንም መስኮቱንም ከፈተ። የዛሬ ሰው ቅምጥል ሆኗል።

ሐምሌ 14

አሮጌውን ቫርኒሽ በምላጭ እየፋቅሁ ነው። ብርጭቆ ወረቀት አይሆንም፤ ስድስቱን ጠርዞች ያጠፋቸዋል። አምስት ሰዓት ገደማ ምላጩ አዳለጠኝና ከአንዱ ጠርዝ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ላጠ። የቀርከሃ ዱቄት ከኮላ ጋር ለውሼ ሞላሁት። የማያውቅ ሰው አያየውም።

የአሁን ምላጭ ምላጭ አይደለም። ቢሆንም ያዢው እኔ ነኝ፤ አንድ የሞተ ሰው ያን ያህል ተጠቦ የሠራውን እኔ በአንድ ጠዋት ልጬው ቁጭ አልኩ። ምሳ አልበላሁም።

ሐምሌ 22

ሰባተኛውን ቫርኒሽ ቀባሁ። ሶዶ ውስጥ የሶፋ እጀታ ጥርስህን ካላሳየህ አልተቀባም ነው የሚባለው፤ ደንበኞቼን እኔው ነኝ እንዲህ ያስለመድኳቸው።

የዳሞታ ተራራ ከታየ ሳምንቱ ነው። ቫርኒሹ በዚህ ጭጋግ አልደርቅ አለ፤ ጣት ሲነካው ይይዛል። ከቤታችን ደረቁ ክፍል መኝታ ቤቱ ስለሆነ ሦስቱን ቁራጭ ከአልጋችን በላይ አንጠለጠልኳቸው። ጣፈጠች ተኝታ ሽቅብ ስታያቸው ቆየችና፣ "ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እንጨት እንዳገባሁ አውቃለሁ፤ አልጋ ድረስ ይመጣል ግን አላልኩም" አለች።

ሐምሌ 28

አቶ ሻንቆ ሥራው እስከየት እንደደረሰ ለማየት ከዲምቱ መጡ። ቀጥ ያሉ፣ ባርኔጣቸውን በፕላስቲክ የሸፈኑ ሽማግሌ ናቸው። ዘንጉን ተቀብለው ወደ ብርሃን አወጡት። ፊታቸው በላዩ ላይ ይታያል። እኔ ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር።

"ገብረሥላሴ፣ ይሄ የሶፋ እግር ሆነ።"

ጎበጥ ሊያደርጉት ሞከሩ፤ ግትር አለ። "ዘንግ ይታጠፋል። ዓሣ ሲስብ ይታዘዛል፣ ከዚያ ይመለሳል። አንተ ግን ኮት በኮት ላይ አለበስከው። ፈረንጁ ሁለት ጊዜ ነበር የሚቀባ። በብሩሽ አይደለም። በጣቱ።" ጣታቸውን በአየር ላይ ወደታች ሳብ አድርገው አሳዩኝ። ጣታቸው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ።

ሰባቱንም ልፍቅ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያብለጨልጭ ጥሩ ነው ብዬ ኖሬ፣ አንድ ሾፌር መጥቶ አረመኝ። እሳቸው እውነታቸውን ነው።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። ፍቂያው ግማሽ ደርሷል።

ከሻይ ስመለስ ኃይለየሱስ ለአንድ ደንበኛ ሲናገር ሰማሁት። "ጋሼን ቁጭ ብሎ ያዝዘን ብዬ ነበር፣ እጁ እኮ..." አለ፤ እኔን ሲያይ ስለ ሶፋው ጨርቅ ማውራት ጀመረ። እጁ እኮ ምን? ሰው ከኋላ ሲያማህ ዓረፍተ ነገሩን አይጨርስም።

ነሐሴ 8

ዛሬ የክር ሥራ ተጀመረ። የዓሣው ክር የሚያልፍባቸው አሥር የሽቦ ቀለበቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ቀለበት ሁለት እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር በሐር ክር ከዘንጉ ጋር ይጠመጠማል። ክሩ አንዱ ከአንዱ ጎን ሳይደራረብ፣ ሳይራራቅ መሄድ አለበት። ሃያ ጥምጥም ማለት ነው። ክሩን ከጣፈጠች ወሰድኩ፤ ለቀሚስ ጥልፍ የምታስቀምጠው ቀይ ሐር ነው። አርባ ዓመት ልብስ ስትጠልፍ ኖራለችና የማይላላ ክር ታውቃለች።

የመጀመሪያውን አራት ጊዜ ጠመጠምኩ፤ አራት ጊዜ ፈታሁ። ክሩ ይሻገርብኛል። መብራቱ ደብዛዛ ነው። ክሩም ያዳልጣል። ወንበሩም ከጠረጴዛው ጋር አልተመጣጠነም፤ ወንበሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቡና አቁሜአለሁ፤ ጣፈጠች በምትኩ ሻይ ትሰጠኛለች፣ ብርጭቆውን ከግማሽ በላይ አትሞላውም። ስኳር ስለተወደደ ይሆናል።

እራት ላይ፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አለች። ስለ ማን ነው የምታወሪው ብላት፣ ስለ ጎረቤታችን ጉልበት ነው አለች። የጎረቤታችን ጉልበት ደህና ነው የመሰለኝ።

ሁለቱን ጥምጥም እንደ ተሻገሩ ትቼ ዘንጉን አንጠልጥዬ ተኛሁ።

ነሐሴ 9

ጠዋት ሳየው ሁለቱም ጥምጥሞች ቀጥ ብለዋል። ሐር ሌሊት እርጥበት ሲያገኝ ራሱን ያስተካክላል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ባሕርይ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ነሐሴ 12

ዛሬ አምስት ጥምጥም ሠራሁ። አምስቱም ጠማማ። አልፈታኋቸውም፤ ሌሊት ይስተካከላሉ።

ነሐሴ 13

ተስተካክለዋል። የጣፈጠች ዓይን ቀልቷል። ጾሙ ነው አለችኝ። የኔም ዓይን ይጾማል፣ ግን አልቀላም። ነገሩን አልገፋሁበትም። ለምን እንዳልገፋሁበት እዚህ ልጽፍ ብዬ ተውኩት።

ነሐሴ 17

ትናንት ጾም ተፈታ። እህቷ ቤት ዶሮ በላን። ስለብስ የሸሚዙን ቁልፍ ጣፈጠች ቆለፈችልኝ፤ የዘንድሮ ሸሚዝ ቀዳዳው ጠቦ ነው የሚሰፋ። ግብዣው ላይ ሦስት ሰው "ምነው ተቆጣህ?" ብሎ ጠየቀኝ። አልተቆጣሁም። በዶሮው ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስተኛው ሲጠይቀኝ ግን ተቆጣሁ።

ነሐሴ 25

ኃይለየሱስ ዛሬ ፊት ለፊት ተናገረ። ሰው ካማህ ፊት ለፊት ይሻላል።

"ጋሼ፣ አትቀየመኝ። ከጊፋታ በኋላ አንተ ደንበኛ ተቀበል፣ እንጨት ምረጥ፣ ልኬት ስጠን። መላጊያውንና መጋዙን ለእኛ ተወው። ባለፈው መጋዙ ላይ ሳይህ ልቤ ቆሞ ነበር።"

"መጋዙ ምን ሆነ?"

"መጋዙ ምንም አልሆነም።"

ደሜ ፈላ። ከእኔ የተማረ ልጅ ነው፤ መላጊያ አያያዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እንዲህ አልኩት፦ "የአቶ ሻንቆ ዘንግ ሲያልቅ ታየዋለህ። በእጄ ካማረ፣ ከጠረጴዛዬ የሚያስነሳኝ የለም። ካላማረ ወንበር አምጣልኝ፣ እቀመጣለሁ።" እሺ አለ። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን፤ እሱ ቶሎ ለቀቀኝ።

አፌ ነው ችግሬ። ከሃያው ጥምጥም አሥራ ስምንቱ ሌሊት የተስተካከሉ መሆናቸውን እያወቅሁ ነው "በእጄ" ያልኩት።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዛሬ የሚዘንበው ጸበል ነው ስለሚባል ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ይታጠባል። ጣፈጠች ደጅ ቆማ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ነበር።

እኔ ውስጥ ሆኜ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ቫርኒሽ ቀባሁ። በጣቴ፣ አቶ ሻንቆ እንዳሳዩኝ። አንድ ነገር ልመስክር፤ ጣቴ ዘንጉን ይዞ ሲወርድ ጥሩ ወረደ። ዘንጉን ሲለቅ ነው ችግሩ። ስጨርስ ቀኝ እጄን በመስኮት አወጣሁ። ቀኙን ብቻ። ቫርኒሽ ነክቶት ስለነበር እንዲታጠብ ነው። ብዙ ቆየሁ፤ ቫርኒሽ ደግሞ በውኃ እንደማይለቅ አውቃለሁ።

መስከረም 6

ሦስቱን ገጠምኩ። ዘንጉ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፣ ከማንኪያ አይከብድም። ቀለሙ የጥሩ ጠጅ ቀለም ነው።

ጫፉ አይረጋም። መጋጠሚያው ላልቷል ብዬ ነቀልኩት፣ ጠረግሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። አይረጋም። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ። ጣፈጠችን ጠርቼ ያዥልኝ አልኳት። ያዘችው። ረጋ።

መጋጠሚያው አልላላም።

መስከረም 10

ዛሬ ሆነ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዶክተር ትሕትና አባቷን በመኪናዋ አምጥታቸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ዝናቡ ካባራ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ዳሞታ ወለል ብሎ ይታያል። ጣፈጠች ዘንጉን ከቤት ሳመጣ አብራኝ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ኃይለየሱስ መላጊያውን አስቀምጦ ወጣ።

አቶ ሻንቆ ዘንጉን ከጫፍ እስከ እጀታ በዓይናቸው ሄዱበት። ጎበጥ አደረጉት፤ ታጠፈ፣ ተመለሰ። "ሎኦ" አሉ። በወላይትኛ ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ከመንግሥት ሽልማት ይበልጣል። ከዚያ ይዘውት የመጡትን የዓሣ ክር በቀለበቶቹ አሳልፈው ወደ መንገዱ ወጡ። ክንዳቸው ወደኋላ ሄደ፣ ትንሽ ቆመ፣ ወደፊት መጣ። ክሩ ከራሳችን በላይ ተዘረጋና መንገዱን አቋርጦ በቀስታ አረፈ። አንድ ባጃጅ ቆመ። ሾፌሩ ጥሩንባ አልነፋም፤ አፉን ከፍቶ ያያል።

"ልጄ፣ አየህ?" አሉ ወደ ዶክተሯ ዞረው። "አባትህ አልረሳም።" ሴት ልጃቸውን ሁልጊዜ እንደ ወንድ ነው የሚጠሯት፤ ማንም አያርማቸውም። ዶክተሯ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። "ያዝ፣ አንተም ሞክር። የሠራ ሰው ካልያዘው ነውር ነው።"

ይህን ነበር የምፈራው። እምቢ ልል ነበር፤ ግን ሽማግሌ የዘረጋውን ዕቃ እንዴት እምቢ ይባላል? ያዝኩት። እጄ ላይ ትንሽ የሚመስለው ነገር ዘንጉ ጫፍ ላይ ሲደርስ አንድ ክንድ ያህል ሆነ። ጫፉ በዳሞታ ፊት ለፊት ላይ ታች፣ ላይ ታች ይላል። ኃይለየሱስ አየ። ዶክተሯ አየች። የባጃጁ ሾፌር ሳይቀር አየ። ጣፈጠች አላየችም፤ መሬት መሬት ታይ ነበር።

አቶ ሻንቆ ጫፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በድንገት ጮኹ፦

"ያዘልህ! ሳበው፣ ሳበው! ዓሣ ያዘልህ!"

ከዚያ ሳቅሁ። ፊቴ ላይ ይታይ አይታይ አላውቅም፣ ውስጤ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ። ኃይለየሱስም ሳቀ፣ ሾፌሩም።

አቶ ሻንቆ ዘንጉን ተቀብለው ቀዩን ጥምጥም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። "ይሄን ክር ያሰረ ማነው? ፈረንጁም እንዲህ አላሰረም።"

ኃይለየሱስ አየኝ። ውርርዱ እዚህ ጋ ነበር። እኔ ነኝ ብል ማንም አይከራከረኝም ነበር፤ ጣፈጠችም ብትሞት አታወጣውም።

"ባለቤቴ ናት" አልኩ። "ምላጩና ቫርኒሹ የእኔ ነው። ክሩ የእሷ ነው። እኔ ቀን አበላሻለሁ፣ እሷ ሌሊት ተነሥታ ፈትታ ትጠመጥማለች። እጄ ይንቀጠቀጣል።"

ከአፌ ሲወጣ ከጠበቅሁት አጠረ። ክረምቱን ሙሉ ስሸሸው የከረምኩት ሁለት ቃል ነው።

አቶ ሻንቆ ወደ ጣፈጠች ሄደው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሷት። እሷ ደነገጠች፣ "ኧረ አባባ፣ ይተዉ" ትላለች። ኃይለየሱስ ወንበር አላመጣም። ራሴ አመጣሁና ተቀመጥኩ። ከዚያ ሲሠራ የነበረውን የቡፌ በር አይቼ፣ "ማጠፊያው ግማሽ ጣት ወደ ላይ" አልኩት። ለካና፣ "እውነትህን ነው ጋሼ" አለ። ይሉኝታ ይሁን እውነት ቆይቼ ራሴ ለካሁት። እውነት ነበር።

ዶክተሯ መኪና ውስጥ ከመግባቷ በፊት መጥታ፣ "ሐምሌ ላይ እጅዎን ስይዝ አውቄ ነበር ጋሼ። ራስዎ እንዲመጡ ነበር የጠበቅሁት። ሰኞ ይምጡ" አለችኝ።

አሁን መሽቷል። ፈርቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አባቴ ከጉራጌ አገር መጋዝ ይዘው መጥተው በእጃቸው አሳደጉኝ፣ እኔም በእጄ ነው ሰው የሆንኩት። እጄ ከከዳኝ ማን እንደምሆን አላውቅም። ጣፈጠች ጎኔ ናት፤ ምን ትጽፋለህ አላለችኝም።

መስከረም 14

ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተር ትሕትና ጣቶቼን አስከፈተች፣ አስከደነች፤ ኮሪደሩ ላይ አራመደችኝ፤ ስሜን አስጻፈችኝ፤ እዚያም ጉንዳን አከለ። ሽቶ አስሸተተችኝ፤ አልሸተተኝም። ያ ነጋዴ ቲነሩን ውኃ አልቀላቀለበትም ነበር፤ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል፣ ምንም እንኳ ስሰድበው ባይሰማም። በሽታው ስም አለው፤ የሚድን አይደለም፣ መድኃኒት ግን አለው፣ ከሰው ጋር ረጅም ዘመን የሚኖር ነው አለችኝ። እንደ ጎረቤት።

በመጨረሻ ብዕሯን አንሥታ፣ "መቼ ነው የጀመረዎት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ሐምሌ ላይ" አልኩ። "ክረምቱ ሲገባ።"

ጣፈጠች ከጎኔ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ በዝግታ፣ "ዓምና ጥቅምት ሃያ አንድ ነው" አለች። "ማርያም ደጅ። ጧፍ ስታበራ እሳቱ አልረጋ አለህና ተቀብዬህ እኔ ያዝኩት። ነፋስ ነው አልከኝ። እኔም አዎ፣ ነፋስ ነው አልኩህ።"

የዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ዶክተሯ የጻፈችው የጣፈጠችን ቀን ነው።